ከድልድዩ እስከ ፒያሳ ስንት ሲሲ ይበቃል?

ከመርካቶ በኩል ወርዶ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን የተሻገረ መኪና ፊቱን ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ካዞረ ዳገት ይጠብቀዋል። ከፊት አንድ የጭነት መኪና ይንፏቀቃል፣ ከኋላ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል። በመሃል አምስት ሰው የጫነች የቤት መኪና ቆማ ስትነሳ ሾፌሩ ወደ አንደኛ ማርሽ ይመለሳል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የአየር ማቀዝቀዣው እንዲጠፋ ይደረጋል። «ይቺ መኪና ሞተር አንሷታል» የሚለው ፍርድ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ነው።

ፍርዱ ግን በነፃ የሚሰጥ አይደለም። በሌላ አገር የአንድ ሞዴል መካከለኛ የቤት መኪና በ1.6 ወይም በ2.0 ሊትር ሞተር ሲቀርብ ገዢው የሚጨምረው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነፃፀር ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ግን የሞተር ስፋት የመንግሥት የግብር መለኪያ በመሆኑ፣ ጥቂት ሲሲ የሚጨምር ሰው የአንድ ሌላ መኪና ግማሽ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ «ትልቅ ሞተር ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሾፌሮች ወግ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጥሪት ጥያቄ ነው።

ግማሽ ሲኒ የማይሞላ ልዩነት

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት መኪናዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። እስከ 1,300 ሲሲ ያሉት 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ያሉት 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያሉት 100 በመቶ ይከፍሉ ነበር። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1186 ደረጃዎቹን አልነካም። ለአዲስ መኪና የታችኛውን ደረጃ ግን ከ30 ወደ 5 በመቶ አወረደው። ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር ከባድ ታክስ ጫነ፤ ከሁሉ የከበደው ሰባት ዓመት ያለፋቸው ላይ ነው።

የገበያው ሒሳብ እንዲህ ይሠራል። ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰላው በዕቃው ወደብ መድረሻ ዋጋና በጉምሩክ ቀረጡ ድምር ላይ ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በሁሉም ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይነባበራል። ቀረጡን ጨምሮ 1 ሚሊዮን ብር የደረሰ አዲስ መኪና እንውሰድ። ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ ካልበለጠ ሦስቱ ታክሶች ተደምረው 1,328,250 ብር ያደርሱታል። ከ1,300 አልፎ እስከ 1,800 ከሆነ 2,024,000 ብር ይሆናል። ከ1,800 ካለፈ 2,530,000 ብር ይደርሳል። በአሮጌው አዋጅ የመጀመሪያው መኪና 1,644,500 ብር ይደርስ ነበር። በትንሹና በመካከለኛው መካከል የነበረው ልዩነት 379,500 ብር ሲሆን፣ ከ2012ቱ አዋጅ በኋላ 695,750 ብር ሆነ፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

ይህንን በሁለት የቶዮታ ሞተሮች ማየት ይቻላል። በገበያው ሁለቱም «1.3» ይባላሉ። ቱ ኤን ዜድ የሚባለው ሲለካ 1,298 ሲሲ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ዋን ኤን አር ደግሞ 1,329 ሲሲ ነው። ልዩነታቸው 31 ሲሲ፣ ማለትም የአንድ ሲኒ ቡና ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው። የመጀመሪያው ግን በ5 በመቶ፣ ሁለተኛው በ60 በመቶ ደረጃ ውስጥ ይወድቃል። ከላይ በተቀመጠው ምሳሌ እያንዳንዷ ሲሲ ከ22 ሺህ ብር በላይ አወጣች ማለት ነው። በላይኛው ድንበር በኩልም እንዲሁ ነው። የኮሮላ 1.8 ሞተር 1,798 ሲሲ በመሆኑ በሁለት ሲሲ ከ100 በመቶው ሲያመልጥ፣ የኤላንትራ 2.0 ሞተር በ1,999 ሲሲ ሙሉውን ይከፍላል።

ከ2012 ዓ.ም. በኋላ የአዲስ አበባ አስፋልት በሱዙኪ ዲዛየር የተሞላበትን ምክንያት ለማወቅ ከዚህ ሒሳብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሞተሯ 1,197 ሲሲ ነው፤ አዲስ ናት፤ አራት በር ከሻንጣ መያዣ ጋር አላት። ቀድሞ ያገለገለ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያማረው የነበረው ገዢ፣ የጥሪ ታክሲ ሊያሠራ ያሰበው ጭምር፣ ወደ እሷ ዞረ። ገዢው ሞተር መርጦ አልነበረም፤ አዋጁ መርጦለታል ማለት ይቀላል።

ከፍታው የሚወስደው ድርሻ

ከአዋጁ ሌላ አንድ ታክስ አለ፤ እሱን የሚሰበስበው ከፍታው ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሳበው አየር ልክ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በራሱ የሚተነፍስ፣ ማለትም ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ፋብሪካው ከጻፈለት የፈረስ ጉልበት ሩብ ያህሉን ሳይጠቀምበት ይቀራል። የዲዛየር 83 የፈረስ ጉልበት ወደ 62፣ የኮሮላ 1.6 ሞተር 122 ወደ 91፣ የ1.8 ሞተሩ 138 ወደ 104 ይወርዳል። በ1.3 ሊትር ዋጋ የተገዛ መኪና በአዲስ አበባ የሚተነፍሰው እንደ 1.0 ሊትር ነው።

ይህ ለትልቅ ሞተር ጥሩ ክርክር ይመስላል። ዳገቱ ራሱ ግን ምን ያህል እንደሚጠይቅ መታየት አለበት። ሰውና ዕቃ ጨምራ 1,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትወጣ ጎማዋ ላይ የሚያስፈልጋት 18 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነው። በዲዛየር ቀርቶ ለአሥርት ዓመታት በዚህ ከተማ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስትሠራ በኖረችው ላዳም ይወጣል። የመጀመሪያዋ ላዳ ሞተር 1,198 ሲሲ ሲሆን 64 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እሱም በባሕር ወለል ተለክቶ። ከእሷ በፊት የነበረችው ፊያት ሰይቼንቶማ ከ800 ሲሲ በታች ይዛ ነበር ተሳፋሪ የምታመላልሰው።

ታዲያ ዳገቱ ላይ መኪናዋ የምትሞተው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ጉልበቱ ስለሌለ ሳይሆን ያለበት ቦታ ሌላ ስለሆነ ነው። ትንሽ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 6,000 ያህል ዙር ሲሽከረከር ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በሦስተኛ ማርሽ 1,500 ዙር ላይ ሲያስኬደው፣ የአዲስ አበባ አየር እየተነፈሰ ያ ሞተር ሊሰጥ የሚችለው ከ18 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። ዳገቱ የሚጠይቀውም ያንኑ ነው። ትርፍ የለም፤ የአየር ማቀዝቀዣው ብቻውን ከ3 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ሲወስድ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። በዚያው ዙር 1.8 ሞተር 27 ያህል ስለሚሰጥ ማርሽ ሳይቀንስ ያልፋል። ባለቤቱ ግማሽ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ብር ከፍሎ ያገኘው፣ በከተማ ውስጥ፣ በአብዛኛው ማርሽ ያለመቀነስ ምቾት ነው። ወደ ሁለተኛ ማርሽ መመለስ ደግሞ ታክስ የለበትም።

በሰልፍ ቆሞ ለሚውል መኪና ትልቅ ሞተር ሌላ ወጪም አለው። ሞተር ቆሞ ሲሠራ በግምት ለእያንዳንዱ ሊትር ስፋቱ በሰዓት ግማሽ ሊትር ቤንዚን ይፈጃል። በቀን አንድ ሰዓት በሰልፍ የሚቆም ሰው በዓመት 300 ቀን ቢነዳ፣ በ1.2 ሞተር 180 ሊትር፣ በ2.5 ሞተር 375 ሊትር አንድ ሜትር ሳይንቀሳቀስ ያቃጥላል። የቤንዚን ዋጋ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት በጀመረበት በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታህሳስ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሷል። በዚህ በኋለኛው ዋጋ ልዩነቱ በዓመት ወደ 20 ሺህ ብር ይጠጋል።

አባይ በረሃ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል

እስካሁን ሚዛኑ ወደ ትንሹ ሞተር ያደላል። ነገር ግን የቤት መኪና ከተማ ውስጥ ብቻ አይዋልባትም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሰው በእያንዳንዱ ወገን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠማዘዝ መንገድ ይጠብቀዋል፤ ከላይ እስከ ታች ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ተጎታች ያለው መኪና በእግር መንገድ ፍጥነት እየወጣ፣ ከኋላው የቤት መኪና ተሰልፎ ቀዳዳ ይፈልጋል።

በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ ፍጥነቷን ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር የምታሳድግ መኪና እንበል። ሰው የሞላች ዲዛየር፣ ሞተሯ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ፣ በወረቀት ስሌት 13 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። በዚያ ጊዜ 200 ሜትር ከምናምን ትሄዳለች። ከእሷ የምትከብድ ባለ 1.8 መኪና 7 ሰከንድ ብቻ ትወስዳለች፤ የምትፈልገው መንገድም ወደ 120 ሜትር ይወርዳል። 80 ሜትር ማለት ከፊት የሚመጣ አውቶቡስ መኖርና አለመኖር ሊሆን ይችላል። ትልቅ ሞተር የሚያስፈልገው ማን ነው ቢባል፣ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጅማ በየወሩ የሚመላለስ ሰው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ጎንደር የሚሄድ ሰው ግን በዚያ ልዩነት ገንዘብ ስንት ዓመት የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚገዛ ማስላት ይኖርበታል፤ ወይም ከጭነት መኪናው ኋላ በትዕግስት መቆየት፣ ይህም ነፃ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ ሰዎች እንደሚያስቡት የትልቅ ሞተር መንገድ አይደለም። ሜዳ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ15 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ነው። በመንገዱ ላይ ቀዳሚና ተከታይ በየመስመራቸው ስለሚሄዱ ከፊት በሚመጣ መኪና ላይ ቆርጦ መውጣት የለም። እዚያ ከሞተር ይልቅ ጥሩ ጎማና ጥሩ ፍሬን ነው የሚቆጠረው።

አዋጁ የማያነበው ቱርቦ

በኢኮኖሚ ትምህርት ግብር በአንድ ነገር ላይ ሲጣል ሰው ያንን ነገር ይቀንሳል ይባላል፤ መለኪያው የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ የሚቀንሰው መለኪያውን ብቻ ነው። ጣሊያን ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነች። እዚያ ከ2,000 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና 38 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍል በነበረበት ዘመን ፌራሪ 208 የሚባል፣ ሞተሩ 1,991 ሲሲ የሆነ መኪና ለአገር ውስጥ ገበያ ሠራ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ቱርቦ ጨምሮለት 220 የፈረስ ጉልበት አደረሰው። ማሴራቲም ከአንድ ዓመት በፊት በ1,996 ሲሲ ሁለት ቱርቦ ያለው መኪና አውጥቶ ነበር። ታክሱ የተጣለው ለሀብታም ነው ተብሎ ነበር፤ ሀብታሙ ፌራሪውን ነዳ፣ ግምጃ ቤቱ ሲሲውን ቆጠረ።

ዛሬ ይህ የፌራሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሆንዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ሞዴል አኮርድ ላይ 3.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩን አንስቶ በ1.5 እና በ2.0 ሊትር ቱርቦ ተካው። የመርሴዲስ ሲ 63፣ በባለ ስምንት ሲሊንደር 4.0 ሊትር ሞተሩ ድምፅ የሚታወቀው መኪና፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተርና ኤሌክትሪክ አጋዥ ይዞ ቀረበ። ቶዮታ 1,197 ሲሲ ቱርቦ ሞተር ኮሮላ ላይ ገጥሞ ለአውሮፓና ለቻይና ሸጧል፤ 116 የፈረስ ጉልበት አለው። ሲሲው ከዲዛየር ጋር አንድ ነው፤ በአዲስ አበባ አዋጅ ታክሳቸውም እኩል በሆነ ነበር።

ለዚህ ከተማ ቱርቦ ከሌላው ዓለም የበለጠ ትርጉም አለው። የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚወስደውን ሩብ አብዛኛውን ይመልሳል። በወረቀት 1.6 የሆነ ቱርቦ አልባ ሞተርና 1.2 ቱርቦ በጅቡቲ ወደብ ላይ እኩል ቢሆኑ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲደርሱ ቱርቦው ይቀድማል። ዕዳው ግን በኋላ ይመጣል። ቱርቦ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ ዘይቱ ሳይቀየር የቆየበት፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ የታፈነበት መኪና ላይ ዕድሜው ያጥራል። ለአሮጌ ኮሮላ ሶማሌ ተራ የማይገኝ መለዋወጫ የለም ይባላል፤ ለአንድ ሊትር ቱርቦ ሞተር ግን እንዲህ ብሎ የሚምል ነጋዴ ማግኘት ይከብዳል።

ሲሲ የሌለው መኪና

ይህ ሁሉ ክርክር በሞቀበት ጊዜ መንግሥት ጠረጴዛውን ገለበጠው። በ2022 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክ መኪናዎች ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ተነስቶላቸው ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ቀረ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ወደብ ላይ 1 ሚሊዮን ብር የሆነ የኤሌክትሪክ መኪና በዚያ ሥርዓት 1,150,000 ብር ሲሆን፣ ባለ 1.8 ቤንዚን መኪና የጉምሩክ ቀረጡ ሳይታሰብ እንኳ በሦስቱ ታክሶች ብቻ ከ2 ሚሊዮን ያልፍ ነበር።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ከፍታው ከእሱ የሚወስደው ድርሻ የለም፤ ሙሉ ጉልበቱንም ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል፤ ያ ዳገት የሚጠይቀውም እሱን ነው። በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ 4 ባለ 204 የፈረስ ጉልበቱ ያንን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ለእነዚህ መኪናዎች «ሞተሩ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ባትሪው ስንት ነው?» በሚል ተተክቷል፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ደግሞ «የት ይሞላል?» በሚል።

የቤንዚን መኪና ገበያ ግን አልሞተም፤ ተዘጋ እንጂ። አዲስ የማይጨመርበት ክምችት ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ሁሉም ዕቃ በአዲስ ብር ይታሰባል። እዚህ ላይ ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ ለትልቁ ሞተር የተከፈለው ታክስ ለመንግሥት ገብቶ ያለቀ ገንዘብ ነው። ሻጩ «ይህን ያህል ቀረጥ ከፍዬበታለሁ» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ገዢ ግን የሚገዛው የነገውን ነዳጅና የነገውን ጥገና ነው። በሊትር ከ100 ብር በላይ በሆነ ቤንዚን ባለ 2.5 መኪና ብዙ ፈላጊ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ለሩቅ መንገድ ትልቅ ሞተር በእውነት የሚያስፈልገው ሰው፣ ሌሎች የሚሸሹትን በርካሽ ሊያገኝ የሚችልበት ወቅት ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ደግሞ ሁሉም በሚሻማበት በትንሹ ሞተር ላይ ከልክ በላይ እንዳይከፍል መጠንቀቅ አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን የሞተሩ ስፋት ሳይሆን ጤናው ይታይ። ቀለበቱ የተበላ 1.8 ሞተር ከጤነኛ 1.3 ያነሰ ይጎትታል። መካኒኩ የሲሊንደሮቹን እመቃ ሲለካ በመጽሐፉ የተጻፈው ቁጥር ባይመጣ ወዲያው መደንገጥ አያስፈልግም፤ መለኪያውም የሚነበበው በሳሳ አየር ስለሆነ እዚህ ከተማ በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ቁም ነገሩ አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪናዎችም ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ሲሲ ሳይሆን ማስተካከያ ነው፤ ለባሕር ወለል የተበጀው የነዳጅ ቀዳዳ በዚህ አየር ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ ጭሱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ከዚያ ሊብሬው ይነበብ። «1.3» የሚለው የደላላ ቃል ነው፤ 1,298 ወይም 1,329 የሚለው ግን ወረቀቱ ላይ አለ። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት አራት ሰው አሳፍሮ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ደግሞ ሩብ ሰዓት እንኳ አይወስድም።